ባሕር በሌለበት አገር የመርከብ ማህተም ማንበብ

ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ወሬው ስለ ቴምብር ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቴምብሩ ላይ ስለሚመታው ጥቁር ማህተም ነው፤ በተለይ ደግሞ መርከብ ላይ ስለሚመታው።

«ፎገራ ተቀምጠህ የመርከብ ማህተም ከየት መጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ለነገሩ እኛ ወረታዎችም ወደብ አለን፤ ደረቅ ሆነ እንጂ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ውሃውም አይቀርብንም። ታንኳ ላይ ቁጭ ብሎ ማህተም የሚመታ የፖስታ ሹም ግን አላየንም። ነገሩ የመጣው በሌላ በኩል ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በቴሌግራም አራት ፎቶ ላከችልኝ። «ቲቸር፣ ይሄን እስኪ እዩልኝ፤ አጎቴ ሊሸጡት ነው» አለች። ፎቶው ላይ ያለው ከአያቷ ሳጥን የወጣ አንድ ፖስትካርድ ነው፤ በጢስ የጠቆረ፣ አንድ ጥግ አይጥ የቀመሰው። ፊቱ ላይ የጅቡቲ ወደብ ፎቶ አለ። ጀርባው ላይ በአማርኛ የተጻፈ የገና ሰላምታ፣ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ቀለም በፈረንሳይኛ የተጻፈ አድራሻ፣ አንድ ቀይ ቴምብር፣ ሁለት ማህተም። አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ «ካርዱ አያስፈልገኝም፤ ቴምብሩን ብቻ በመቀስ ቆርጣችሁ ስጡኝ» ብሏል። የጠራው ዋጋም ደህና የሚባል ነበር።

መሸጡ ብቻ ቢሆን «እንደፈለጋችሁ» ብዬ በተውኩት። ነገር ግን ካርዱ የቤተሰብ ክርክር ተሸክሟል። የጻፉት ቅድመ አያቷ ናቸው፤ ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ሲሄዱ ከመንገድ የላኩት ነው። የቤተሰቡ አንዱ ወገን «እሳቸው ዓድዋ ዘምተዋል» ይላል። ሌላው ወገን፣ አጎትየው ጭምር፣ «የኢየሩሳሌም ጉዟቸው በ1888 ነው፤ በታኅሣሥ መርከብ ላይ የነበረ ሰው በየካቲት ዓድዋ እንዴት ይገኛል?» ይላል። የጽሑፉ ቀን «ታኅሣሥ ፳፯» ይላል፤ ዓመተ ምሕረቱን ጢስ በልቶታል። ሁለቱ ወገኖች በዚህ ነገር ተዘክር ላይ እስከ መኮራረፍ ደርሰዋል። እንግዲህ መቀሱ የሚቆርጠው ቴምብር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከቀላሉ እንጀምር፤ ካርዱን ገልብጡት። የጥንት ፖስትካርድ ጀርባው በሙሉ ለአድራሻ ነበር። መልእክት የሚጻፈው ፊቱ ላይ፣ በሥዕሉ ጠርዝ ነው። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግራውን ለመልእክት፣ ቀኙን ለአድራሻ መጠቀም የተፈቀደው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ በ1902፣ ፈረንሳይ በ1904 ግድም፣ ጀርመን በ1905፣ አሜሪካ በ1907 ነው። የተማሪዬ ካርድ ጀርባው የተከፈለ ነው፤ የታተመውም ፈረንሳይ ነው። ማህተሙን ሳናይ ገና 1888 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1896) ተንገዳገደ።

ቀጥሎ ቴምብሩ። ቀይ፣ ባለ 10 ሳንቲም፣ ዘር የምትዘራ ሴት ያለችበት የፈረንሳይ ቴምብር ነው። ይህች «ዘሪዋ» የምትባለው ሥዕል ቴምብር ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ በ1903 ነው። 10 ሳንቲም ደግሞ በዚያን ጊዜ ፖስትካርድ ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሚከፈለው ነው። እዚህ ላይ ለሻጭም ለገዢም የሚሆን ወሬ ልንገራችሁ፦ ይህ ቴምብር ፈረንሳይ አገር እንደ አሸዋ የበዛ ነው። ተቆርጦ ብቻውን ቢሸጥ እዚያ አንድ ማኪያቶ አይገዛም። ዋጋ ካለው ዋጋው ካርዱ ሙሉ ሆኖ፣ ማህተሙ ሳይቆረጥ ሲገኝ ነው። ሰውዬው ይህን ያውቅ እንደሆን እንጃ።

አሁን ወደ ማህተሙ። ቴምብሩን ግማሽ፣ ካርዱን ግማሽ ይዞ የተመታ ነው። ስምንት ማዕዘን አለው። ስምንት ማዕዘን ያየ ሰው ወዲያው «መርከብ!» ማለት አለበት፤ የፈረንሳይ ፖስታ ይህን ቅርጽ የሚጠቀመው መርከብ ላይ ለተሳፈረ የፖስታ ሹም ነበርና። የፈረንሳይ መንግሥት ከመሳዠሪ ማሪቲም ኩባንያ ጋር ውል ነበረው። የኩባንያው መርከቦች ከማርሴይ ተነስተው፣ እ.ኤ.አ በ1869 የተከፈተውን የስዌዝ ቦይ አቋርጠው፣ አንዱ መስመር ወደ ቻይናና ጃፓን፣ ሌላው ወደ ማዳጋስካርና ሬዩኒዮን፣ ሌላው ወደ አውስትራሊያ ይሄዱ ነበር። በመንገዳቸው መጀመሪያ ኦቦክ፣ በኋላ ጅቡቲ ይቆሙ ነበር። መርከቡ ውስጥ የደብዳቤ ሳጥን አለ፣ ሹም አለ፣ ማህተም አለ። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ፖስታ ቤት በሉት።

እያንዳንዱ መስመር ፊደል ተሰጥቶታል። ማህተሙ ዳር ላይ የመነሻና የመድረሻ ወደብ ስም ይጻፋል፤ ከታች የመስመሩ ፊደልና ቁጥር ይገባል። «ዮኮሃማ አ ማርሴይ» ከሚል ጋር «ኤን» ካለ የሩቅ ምሥራቅ መስመር ነው። በተማሪዬ ካርድ ላይ «ላ ሬዩኒዮን አ ማርሴይ» ይላል፤ ከሥሩ «ኤል ቪ»፣ ማለት መስመር ቪ። የስሞቹ ቅደም ተከተል አቅጣጫን ይነግራል። ከሬዩኒዮን ወደ ማርሴይ ከሆነ መርከቡ ወደ ሰሜን፣ ወደ ስዌዝ እየሄደ ነው። ኢየሩሳሌም የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው እንዲህ ያለውን ነው፤ ፖርት ሰይድ ወርዶ ሌላ መርከብ ይዞ ወደ ያፋ ያልፋል። ከኢየሩሳሌም እየተመለሱ ቢሆን ኖሮ ስሞቹ ይገለበጡ ነበር። ከቁጥሩ ግን የመርከቡን ስም ዘላችሁ አትደምድሙ፤ ለዚያ የኩባንያው የጉዞ ሠሌዳ ከማህተሙ ቀን ጋር መመሳከር አለበት።

በማህተሙ መሐል ያለው ቀን «6 ጃንቪዬ» ይላል። ከዓመቱ የመጨረሻው ቁጥር 9 ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊተኛው ክብ ነገር ነው፤ 8፣ 9 ወይም 0 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ 89፣ 99 ወይም 09 ነው። ዘሪዋ ሴትዮ በ1889ም በ1899ም አልተወለደችም። የቀረው እ.ኤ.አ 1909 ብቻ ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 1909 ወደ እኛ ሲመለስ ታኅሣሥ 28 ቀን 1901 ዓ.ም፣ የገና ዋዜማ። ካርዱ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ ታኅሣሥ ፳፯ ነው። ሰውዬው አንድ ቀን ጽፈው በማግሥቱ ሹሙ መትቶላቸዋል። ከዚህ የተሻለ መግጠም ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ማህተም ትንሽ ክብ ነው፤ የድሬዳዋ ነው፤ ጃንዋሪ 24። የካርዱ አድራሻ ሐረር ነውና ይህ የመተላለፊያ ምልክት ነው። ካርዱ ወደ ሰሜን በሚሄድ መርከብ ላይ ስለተጻፈ መጀመሪያ ስዌዝ ድረስ ሄዷል፣ እዚያ ወርዶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መርከብ ጠብቋል፣ ከጅቡቲ ደግሞ በባቡር መጥቷል። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ በ1902 መጨረሻ ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ገና በ1917 ነው። አሥራ ስምንት ቀን ለዚያ ሁሉ ዙሪያ መጥፎ አይደለም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወረታ የላካችሁት ዕቃ ስንት ቀን እንደቆየባችሁ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እኔ ዝም።

ይህች ትንሽ የድሬዳዋ ማህተም ለእኔ ከስምንት ማዕዘኑ አታንስም። ምክንያቱን ለመናገር ትንሽ ወደኋላ እንሂድ።

ዐፄ ምኒልክ ፖስታ እንዲቋቋም ያዘዙት በ1886 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 1894) ነው፤ ከአልፍሬድ ኢልግና ከሌዮን ሸፍኔ የባቡር ውል ጋር አብሮ የመጣ ሐሳብ ነው። ቴምብሮቹ ፓሪስ ታተሙ። ሰባት ነበሩ፤ ከሩብ ግርሽ እስከ ሁለት ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ ባለ 4፣ ባለ 8 እና ባለ 16 ግርሹ አንበሳ ይዘዋል። ቅርጹን የሠራው ዩጂን ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው፤ ይኸው ሰው ኋላ እ.ኤ.አ በ1900 ለፈረንሳይም በስሙ የሚጠራ ቴምብር ሠርቷል። በኋላ በኛዎቹ ቴምብሮች ላይ «ቦስታ»፣ ከዚያም «መልክት» የሚል ተጨማሪ ምት ተመትቶባቸዋል። አያቶቻችን «ቦስታ» ሲሉ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ያልተማረ አነጋገር አልነበረም፤ የመንግሥት ቴምብር ላይ የተጻፈ ቃል ነው።

ቴምብር መኖር ግን አንድ ነገር ነው፤ ዓለም ቴምብርህን መቀበሉ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል አልነበረችም። ስለዚህ የምኒልክ ቴምብር የሚሠራው እስከ ጠረፍ ነው። ደብዳቤው ባሕር ሊሻገር ከሆነ የጅቡቲ ወይም የፈረንሳይ ቴምብር ይጨመርበታል። ለዚህ ነው በዚያ ዘመን ፖስታዎች ላይ አንበሳችን ከሌላ አገር ቴምብር ጎን ለጎን የሚታየው። ፈረንሳዮች ደግሞ ሐረር፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ውስጥ የራሳቸውን ፖስታ ቤት ይዘው ነበር። ዓድዋ ላይ ጣልያንን ያሸነፈ መንግሥት፣ ደብዳቤው ከድንበሩ ሲወጣ የሌላ አገር ቴምብር መለመኑ ያስቆጫል። ኢትዮጵያ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ ኖቬምበር 1 ቀን 1908፣ በእኛ ጥቅምት 22 ቀን 1901 ዓ.ም ነው።

አሁን ቀኑን አስሉት። የተማሪዬ ቅድመ አያት ካርዳቸውን የጻፉት በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነው። አባል ከሆንን ሁለት ወር ከጥቂት ቀን! ካርዱ በፈረንሳይ መርከብ፣ በፈረንሳይ ቴምብር መጥቶ ድሬዳዋ ላይ የተቀበለው የኢትዮጵያ ፖስታ ነው። ያቺ ትንሽ ክብ ይህን ነው የምትናገረው። አይጡ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ እሷም አልነበረችም።

«የፈረንሳይ መርከብ ላይ ለምን የፈረንሳይ ቴምብር? መርከቡ ጅቡቲ ቆሞ አልነበረም?» ያለኝ ሌላ የቀድሞ ተማሪ አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የዓለም ፖስታ ኅብረት እ.ኤ.አ በ1891 ቪየና ላይ ባደረገው ጉባኤ ለዚህ ሕግ አውጥቶለታል። መርከቡ ባሕር መሐል ሳለ የተጣለ ደብዳቤ የመርከቡን ባንዲራ አገር ቴምብር ይይዛል። ወደብ ላይ ቆሞ ሳለ የተጣለ ግን የወደቡን አገር ቴምብር ነው። መርከቡ የራሱ የፖስታ ሹም ከሌለውስ? ደብዳቤዎቹ በሚቀጥለው ወደብ ለፖስታ ቤቱ ይሰጣሉ፤ እዚያ የወደቡ ማህተም ይመታና አጠገቡ «ፓክቦ» የሚል ቃል ይታከልበታል፤ «የመርከብ ነው» ለማለት። ቃሉ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ የገባ ነው፤ ፈረንሳይኛው ደግሞ መልሶ ለዓለም ሁሉ አዋሰው። አንድ ቴምብር ከማያውቀው አገር ማህተም ጋር ተጣምሮ ብታዩ «ፎርጅድ ነው» ብላችሁ አትጣሉት፤ መጀመሪያ ይህን ቃል ፈልጉ።

ስዊድን የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የሰበሰባቸውን ካርዶች ፎቶ እያነሳ ይልክልኛል፤ ይህ ልማድ እዚያ በጣም የቆየ መሆኑን ያየሁት ከእሱ ነው። ዴንማርክና ስዊድን በጠባብ ባሕር የተለያዩ ናቸው። ኮፐንሃገን ወይም ሄልሲንግኧር መርከብ ላይ የተጣለ ካርድ የዴንማርክ ቴምብር ይዞ ማልመ ወይም ሄልሲንግቦርይ ይደርሳል፤ የስዊድኑ ፖስታ ቤት ቴምብሩን በራሱ ማህተም ይመታና «ፍሮን ዳንማርክ»፣ «ከዴንማርክ» የሚል ይጨምርበታል። ከወዲያኛው ዳር ደግሞ «ፍራ ስቬርዬ»፣ «ከስዊድን»። የኖርዌይ ነገር ሌላ ነው፤ እዚያ መርከቡ ራሱ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ በ1893 ቬስተሮለን የምትባል መርከብ ከትሮንድሄም እስከ ሃመርፌስት ፖስታና ሰው ማመላለስ ጀመረች፤ ሁርቲግሩተን የሚሉት መስመር ከዚያ ነው የተነሳው። ተራራና ባሕር የቆራረጠው አገር ስለሆነ በክረምት ደብዳቤ የሚደርሰው በመርከብ ነበር። ክረምት መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለፎገራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ስዊድኖች ከእኛ ጋር የሚያገናኛቸውም አለ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ምጽዋ የገቡት እ.ኤ.አ በ1866 ነው፤ ሴደርኩዊስት የተባለው ሚሲዮናዊ አዲስ አበባ የደረሰው በ1904 ነው። ከኤርትራ የሚጽፉት ከ1893 ወዲህ «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» የሚል ምት ያለበትን የጣልያን ቴምብር ይጠቀማሉ። ስለዚህ ስዊድን ወይም ኖርዌይ ያላችሁ ልጆች፣ በአሮጌ ዕቃ ገበያ የአስመራ ወይም የአዲስ አበባ ፎቶ ያለበት ካርድ ካያችሁ ገልብጡት። ፊቱን ሁሉም ያያል፤ ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው።

ለእኛ አካባቢ ግን ምጽዋ ከጅቡቲ ትቀድማለች። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከጎንደር፣ ከይፋግ ገበያ፣ ከደሪጣ የሚነሳ ነጋዴ ነበር የአካባቢያችን ፖስታ። ደብዳቤ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቅሎ ጭነት ውስጥ ገብቶ ምጽዋ ይወርዳል። ማህተም የለው፣ ቴምብር የለው፤ እምነት ብቻ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ እ.ኤ.አ በጥቅምት 1862 ተጽፎ ለንደን የደረሰው በየካቲት 1863 ነው። አራት ወር ገደማ በእግር፣ በበቅሎና በመርከብ። ደብዳቤው ደረሰ፤ መልስ ግን አልተጻፈለትም። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦርና ጋፋት ላይ፣ በመጨረሻም መቅደላ ላይ የሆነውን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተማርኳችሁ። ያ ደብዳቤ በአግባቡ ስለመድረሱ ያከራከረ የለም፤ የተቀባዩ ዝምታ ነው ያን ሁሉ ያመጣው።

ወደ ካርዱ። ያየሁትን በሙሉ ጽፌ ለተማሪዬ ላክሁላት፤ እሷ ለአጎቷ አነበበችላቸው። አጎትየው ስልክ ደወሉልኝ። «መምህር፣ እንግዲህ ዓድዋ ዘምተዋል ማለት ነው?» አሉ። «ጋሼ፣ እሱን ካርዱ አይልም» አልኳቸው። ካርዱ የሚለው ኢየሩሳሌም የሄዱት በ1901 መሆኑን ነው። በ1888 መርከብ ላይ ነበሩ የሚለው መከራከሪያ ወደቀ። መዝመታቸውን ለማወቅ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ የዘመቱበት አለቃ ስም፣ የተሰጣቸው መሬት፣ ከእሳቸው የሰማ ሰው ቃል። ከእጄ የሌለውን ለአንዱ ወገን ቆርጬ አልሰጥም። አጎትየው ትንሽ ዝም ብለው «ቢሆንም አይከለክልም» አሉ። አዎ፣ አይከለክልም። ካርዱንም አልሸጡትም። ዋጋ የጠራው ሰው እስካሁን ይደውላል አሉ።

በነገራችን ላይ ለማን እንደተጻፈ ሳልነግራችሁ። ሐረር ወታደር ለነበረ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ያ ወንድም ኋላ ወደ ፎገራ ሲመለስ ነው ካርዱ አብሮት የመጣው። ሰላምታው አጭር ነው፦ ባሕሩ እንደከበዳቸው፣ ምግብ እንዳልወሰደላቸው፣ ገናን በውሃ ላይ እንደሚውሉ፣ ላሚቱን እንዳይሸጥ። የመጨረሻዋን ሳነብ ሳቄ መጣ። ኢየሩሳሌም እየሄዱም የፎገራ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸው ላም ላይ ነው።

ቤታችሁ ሳጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ቴምብሩን አትላጡ፣ በውሃ አትንከሩ፣ በመቀስ አትንኩ፣ ደብዝዟል ብላችሁ በእስክሪብቶ አታድምቁት። ፊትና ጀርባውን በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ አንሱ። ማህተሙን ለብቻው ቀረብ አድርጋችሁ አንድ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጋችሁ ሌላ አንድ። ከማን ሳጥን እንደወጣና ማን ለማን እንደሰጠው ጻፉና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። መልስ ብዘገይ አትቀየሙ፤ ኔትወርኩን ታውቁታላችሁ።